ቦታውን ሕግ ይሰጣል፤ የትኛው ትምህርት ቤት የሚለውን አድራሻና ቀን ይወስናሉ፦ ሕፃናትን በስፔን የመንግሥት ትምህርት ቤት ስለ ማስመዝገብ

በስፔን አንድ ሕፃን ትምህርት ቤት የሚገባበት ጊዜ የሚቆጠረው ከልደት ቀኑ ሳይሆን ከተወለደበት ዓመት ነው። ከጃንዋሪ 1 እስከ ዲሴምበር 31 ባለው ጊዜ የተወለዱ ልጆች በሙሉ ሦስት ዓመት በሚሞላቸው ዓመት፣ በሴፕቴምበር፣ አንድ ክፍል ውስጥ ይገናኛሉ። በጃንዋሪ የመጀመሪያ ሳምንት የተወለደችው ልጅ በዚያን ጊዜ ሦስት ዓመት ከስምንት ወር ሆኗታል፤ በዲሴምበር የመጨረሻ ሳምንት የተወለደው ግን ገና ሁለት ዓመት ከስምንት ወሩ ነው። በዚህ ዕድሜ የአሥራ ሁለት ወር ልዩነት ቀላል አይደለም፤ አንዷ የሰማችውን ተረት መልሳ ስትተርክ ሌላው ከሽንት ጨርቅ ላይላቀቅ ይችላል። ሆኖም ሁለቱም የአንድ ዓመት ተማሪዎች ናቸው።

ይህ ደንብ ለኢትዮጵያውያን ወላጆች የተለየ ጥንቃቄ የሚጠይቅ ጎን አለው። በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 22 ቀን ብዙውን ጊዜ ዲሴምበር 31 ላይ ይውላል፤ ታኅሣሥ 23 ደግሞ ጃንዋሪ 1 ነው። ጳጉሜን ስድስት ቀን በሆነችበት ዓመት ማግሥት ቀኑ በአንድ ይገፋና ታኅሣሥ 22 ራሷ ጃንዋሪ 1 ትሆናለች። እንግዲህ በታኅሣሥ የተወለደ ልጅ የልደት ምስክር ወረቀት ሲተረጎም የአንዲት ቀን ስሕተት ልጁን አንድ ሙሉ የትምህርት ዓመት ወደፊት ልትገፋው ወይም ወደኋላ ልታስቀረው ትችላለች። ፓስፖርቱ ላይ አንድ ቀን፣ የልደት ምስክር ወረቀቱ ላይ ሌላ ቀን ከሆነ፣ ጉዳዩ መስተካከል ያለበት ማመልከቻ ከመግባቱ በፊት እንጂ በኋላ አይደለም። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታትና ወራት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በስፔን የሚኖረው የኢትዮጵያ ማኅበረሰብ በጀርመን ወይም በጣሊያን ካለው ጋር ሲነጻጸር አነስተኛ ነው፤ ስለዚህም ስለ ስፔን ትምህርት ቤቶች በአማርኛ የተጻፈ ማብራሪያ ማግኘት ያስቸግራል። ብዙ ቤተሰብ የሚመራው በጓደኛ ምክር ነው፤ የጓደኛ ምክር ደግሞ አንዳንዴ ከሌላ ከተማ፣ አንዳንዴም ከሌላ አገር የመጣ ነው። በጀርመን የተለማመደ ሰው የነገረንን ይዘን ማድሪድ ውስጥ ብንጠብቅ ቀኑ ያልፈናል። የዚህ ጽሑፍ ዋና ነጥብም ይኸው ነው፤ በስፔን ለልጅ የትምህርት ቦታ የማግኘት መብት እጅግ ጠንካራ ሆኖ ሳለ፣ የትኛው ትምህርት ቤት የሚለው ጥያቄ ግን የሚመለሰው ቤተሰቡ የት እንደሚኖርና መቼ እንዳመለከተ በሚያሳዩት ወረቀቶች ነው። ሁለቱን ለይቶ ያልተረዳ ወላጅ ወይ በከንቱ ይፈራል፣ ወይ በከንቱ ይዘናጋል።

መብቱ

የ1978ቱ የስፔን ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 27 መሠረታዊ ትምህርት ግዴታና ነፃ መሆኑን ይደነግጋል። ግዴታው የሚጀምረው ልጁ ስድስት ዓመት በሚሞላው ዓመት ሲሆን እስከ አሥራ ስድስት ዓመት ይዘልቃል። ከዚያ በፊት ያለው የቅድመ መደበኛ ትምህርት፣ በስፔንኛ ኢንፋንቲል የሚባለው፣ በሁለት ዑደት ይከፈላል፤ የመጀመሪያው ከልደት እስከ ሦስት ዓመት፣ ሁለተኛው ከሦስት እስከ ስድስት ዓመት ነው። ሁለተኛው ዑደት ግዴታ ባይሆንም በመንግሥት ትምህርት ቤቶችና መንግሥት በሚደጉማቸው የግል ትምህርት ቤቶች ያለ ክፍያ ይሰጣል፤ በሦስት ዓመታቸው ትምህርት ቤት የሚገቡት ልጆችም ከመቶ ከ95 በላይ ናቸው።

«ግዴታ አይደለም» የሚለው ቃል ብዙ አዲስ መጤ ወላጆችን ያሳስታል። ልጄን እስከ ስድስት ዓመቱ ቤት አሳድጌ ከዚያ አስገባዋለሁ ብሎ ማሰብ በሕግ የተፈቀደ ነው። ነገር ግን የስፔን የመንግሥት ትምህርት ቤት የቅድመ መደበኛውንና የአንደኛ ደረጃውን በአንድ ግቢ አጣምሮ የሚይዝ በመሆኑ፣ በሦስት ዓመቱ የገባ ልጅ አዲስ ውድድር ሳይገጥመው እስከ አሥራ ሁለት ዓመቱ እዚያው ይቀጥላል። በስድስት ዓመቱ የሚመጣው ልጅ የሚያገኘው እንግዲህ ሌላ ቤተሰብ ቤት ለውጦ ወይም ከተማ ቀይሮ የለቀቀውን ወንበር ብቻ ነው። እውነተኛው በር የሚከፈተው በሦስት ዓመት ላይ ነው፤ ሕጉ በስድስት የሚጀምረውን ግዴታ እያሰቡ መጠበቅ በተፈላጊ ሰፈር ውስጥ ዋጋ ያስከፍላል።

የውጭ አገር ዜጎችን በተመለከተ በ2000 የወጣው የውጭ ዜጎች መብት ሕግ በአንቀጽ 9፣ ዕድሜያቸው ከአሥራ ስድስት በታች የሆኑ ሁሉ ከስፔን ዜጎች እኩል የመማር መብትም ግዴታም እንዳለባቸው ይናገራል። የወላጅ የመኖሪያ ፈቃድ አለመኖር፣ የጥገኝነት ጥያቄ ገና መልስ አለማግኘቱ ወይም የቪዛ ጊዜ ማለፉ ልጅን ከክፍል የሚያስቀር ምክንያት አይደለም። የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ የመኖሪያ ፈቃድ ቁጥር ቢጠይቅና ወላጅ ባይኖረው፣ የልጁና የወላጁ ፓስፖርት በቂ መለያ ነው።

ሕጉ በጽሑፍ እንዲህ ቢልም በተግባር የተሰበረበት ቦታ ነበር። በሰሜን አፍሪካ ጠረፍ ላይ በምትገኘው የስፔን ከተማ በመሊያ ተወልደው ያደጉ፣ ወላጆቻቸው ግን ሕጋዊ ነዋሪነታቸውን ማስረዳት ያልቻሉ ልጆች ለዓመታት ከመንግሥት ትምህርት ቤት ውጭ ቀርተዋል። ከእነዚያ ጉዳዮች አንዱ እስከ ተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብት ኮሚቴ ደርሶ፣ ኮሚቴው በ2021 ስፔን የመማር መብትን ጥሳለች ሲል ወስኗል። ጉዳዩ የሚያሳየው ችግሩ ከትምህርት ሕጉ ሳይሆን ልጅ በከተማው እንደሚኖር በሚያስረዳው ወረቀት ላይ የሚነሣ መሆኑን ነው። ያ ወረቀት ለብቻው ሰፋ ያለ ማብራሪያ ይገባዋል።

ፓድሮን

በስፔን የሚኖር ሰው ሁሉ በሚኖርበት ከተማ ወይም መንደር ማዘጋጃ ቤት የነዋሪዎች መዝገብ ላይ መመዝገብ እንዳለበት በ1985 የወጣው የአካባቢ አስተዳደር ሕግ ያዝዛል። መዝገቡ ፓድሮን ይባላል፤ መመዝገቡ ደግሞ ኤምፓድሮናሚዬንቶ። ለእኛ ሰው የቀበሌ መታወቂያ እንደማለት ነው ብሎ ማስረዳት ይቻላል፤ የሁለቱ ዋና ልዩነት ግን የፓድሮኑ ሠራተኛ የሚያጣራው ሰውየው እዚያ መኖሩን እንጂ ለመኖር ፈቃድ ያለው መሆኑን አለመሆኑ ነው። ፈቃድ የሌለው ሰውም ይመዘገባል፤ መመዝገብም ግዴታው ነው።

ለመመዝገብ ፓስፖርትና በዚያ አድራሻ መኖርን የሚያስረዳ ነገር፣ አብዛኛውን ጊዜ የቤት ኪራይ ውል፣ ይጠየቃል። ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። በማድሪድና በባርሴሎና የኪራይ ዋጋ ከፍ ካለ በኋላ አዲስ መጤ ቤተሰብ ብዙውን ጊዜ የሚኖረው በሌላ ሰው ቤት በተከራየው አንድ ክፍል ውስጥ ነው፤ ዋናው ተከራይ ወይም ባለቤቱ ደግሞ በአድራሻው ሌላ ሰው እንዲመዘገብ አይፈቅድም። አንዳንዱ በመንግሥት እርዳታው ላይ ለውጥ ያመጣብኛል ብሎ ይፈራል፣ አንዳንዱ ኪራዩን ለግብር አላሳወቀም፣ ሌላው ደግሞ ተከራዩ መብት ያበጅብኛል ብሎ ይሰጋል። ለፊርማው ገንዘብ የሚጠይቅም አለ። ሕጉ ግን ማዘጋጃ ቤቱ መኖርን በሌላ መንገድ እንዲያጣራ መንገድ ይተዋል፤ ቋሚ ቤት የሌለውን ሰው እንኳ ማዘጋጃ ቤቱ ራሱ በሚወስነው አድራሻ መመዝገብ ይቻላል፤ ለዚህ መነሻ የሚሆነው የማኅበራዊ አገልግሎት ቢሮ የሚሰጠው ማስረጃ ነው። ይህን የማያውቅ ቤተሰብ ያለ ፓድሮን ወራት ያሳልፋል፣ በእነዚያ ወራት ውስጥም የማመልከቻው ጊዜ ያልፋል።

አንድ ነገር መጨመር ተገቢ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ዜጋ ያልሆነና የረጅም ጊዜ ነዋሪነት ያላገኘ ሰው ምዝገባውን በየሁለት ዓመቱ ማደስ አለበት፤ ካላደሰ ይሰረዛል። ማመልከቻ በሚገባበት ሳምንት መዝገቡ መሰረዙን መስማት ለማንም ወላጅ የማልመኘው ነገር ነው።

ከፓድሮኑ ቀጥሎ ብዙ ጊዜ እንቅፋት የሚሆነው የስም ጉዳይ ነው። የስፔን ቅጽ ለእያንዳንዱ ሰው ሁለት የቤተሰብ ስም ይጠይቃል፤ አንዱ ከአባት፣ ሌላው ከእናት የሚመጣ። የእኛ ልጅ የራሱን ስም፣ የአባቱን ስምና የአያቱን ስም ይዞ ይመጣል፤ በአባትና በልጅ መካከል «የጋራ የቤተሰብ ስም» ብሎ ነገር የለም፣ የእናቲቱም ስም ከሁለቱም ጋር አይገጥምም። ቅጹን የሚሞላው ሰው አንድ ጊዜ የአባቱን ስም እንደ መጀመሪያ የቤተሰብ ስም ከወሰደ፣ በፓድሮኑም፣ በጤና ካርዱም፣ በትምህርት ቤቱ ማመልከቻም ያው ቅደም ተከተል መጠበቅ አለበት። አለበለዚያ ኮምፒውተሩ ሁለት የተለያዩ ልጆች አድርጎ ይይዛቸዋል፤ የወንድምና የእህት ነጥብም፣ ከዚህ በታች እንደምናየው ከፍተኛ ዋጋ ያለው፣ በዚህ ምክንያት ሳይቆጠር ሊቀር ይችላል። ስለዚህ የልደት ምስክር ወረቀቱን በኢትዮጵያ በሚመለከታቸው ቢሮዎች አስረጋግጦና አስተርጉሞ መያዝ ግንኙነቱን ለማስረዳት ይጠቅማል፤ የወረቀቱ ሂደት አለማለቁ ግን ልጅን ከመመዝገብ ሊያግድ አይገባም።

ነጥብና ዕጣ

ስፔን አሥራ ሰባት ራስ ገዝ ማኅበረሰቦች ያሏት አገር ናት፤ ትምህርትን የሚያስተዳድሩትም እነርሱ ናቸው። የትምህርት ሚኒስቴር በቀጥታ የሚያስተዳድረው በሰሜን አፍሪካ ያሉትን ሁለት ከተሞች፣ ሴውታንና መሊያን፣ ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ አገር አቀፍ የማመልከቻ ቀን የለም። በአንዳሉሲያና በካታሎኒያ ቀኑ በማርች ላይ ሲውል፣ በማድሪድ ወደ ኤፕሪልና ሜይ ይጠጋል፤ በባስክ አገር ደግሞ ቀደም ብሎ በአውሮፓ የብርድ ወራት ይጀምራል። ጊዜው በአብዛኛው ሁለት ሳምንት ገደማ ብቻ ነው። በዚያ ጊዜ የሚገባው ማመልከቻ ለሚመጣው ሴፕቴምበር ስለሆነ፣ አብዛኛውን ጊዜ ልጁ ሦስት ዓመት ሳይሞላው፣ አንዳንዴም ገና በሁለት ዓመት ከሦስት ወሩ፣ ወላጅ ምርጫውን ማስታወቅ አለበት።

ሂደቱ ሁለት እርምጃ አለው፤ ሁለቱን ማምታታት የተለመደ ስሕተት ነው። መጀመሪያ የመግቢያ ማመልከቻ ይገባል፤ አንድ ልጅ የሚያስገባው አንድ ማመልከቻ ብቻ ሲሆን ትምህርት ቤቶቹ በምርጫ ቅደም ተከተል ይዘረዘራሉ። ከዚያ ጊዜያዊ ዝርዝር ይወጣል፣ ቅሬታ የሚቀርብባቸው ጥቂት ቀናት ይሰጣሉ፣ በመጨረሻም የጸናው ዝርዝር ይለጠፋል። ስሙን ያየ ወላጅ ሁሉ ነገር አለቀ ብሎ ይደሰታል። ነገር ግን ማትሪኩላ የሚባለው ትክክለኛው ምዝገባ ገና ይቀራል፤ አብዛኛውን ጊዜ በጁን ይካሄዳል፤ በዚያ ቀን ያልቀረበ ሰው ያገኘውን ቦታ ይነጠቃል።

አመልካቾች ከቦታው ሲበልጡ በነጥብ ይወዳደራሉ። በ2006 የወጣውና በ2020 የተሻሻለው የትምህርት ሕግ በአንቀጽ 84 ቅድሚያ የሚሰጣቸውን ምክንያቶች ይዘረዝራል፤ በትምህርት ቤቱ የሚማር ወንድም ወይም እህት፣ የመኖሪያ ቤት ወይም የአንዱ ወላጅ የሥራ ቦታ ቅርበት፣ የቤተሰቡ ገቢ በነፍስ ወከፍ ሲካፈል ዋናዎቹ ናቸው። ብዙ ልጅ ያለው ቤተሰብ፣ ልጁን ብቻውን የሚያሳድግ ወላጅ፣ የአካል ጉዳት፣ መንታ መሆን፣ በፆታ ጥቃት የተጎዳ ቤተሰብ መሆንም ይቆጠራሉ። ከእነዚህ መካከል ከቤት ቅርበት በስተቀር አንዱም ከጠቅላላው ነጥብ ከመቶ 30 በላይ እንዳይሆን የ2020ው ማሻሻያ ገድቧል። ሕግ አውጪው ያሰበው ግልጽ ነው፤ ልጅ በሰፈሩ ይማር ማለት ነው። ነጥብ እኩል ሲሆን በብዙ ቦታ የሚወስነው ዕጣ ነው።

የሥራ ቦታ አድራሻ መቆጠሩን ብዙ ሰው አያውቅም። በከተማ ዳርቻ አንድ ክፍል ተከራይታ በከተማው መሐል በቤት ሠራተኝነት የምትሠራ እናት፣ ቀጣሪዋ በማኅበራዊ ዋስትና ካስመዘገበቻት፣ ልጇን በምትሠራበት አካባቢ ልታስገባ ትችላለች። ካላስመዘገበቻት ግን የምታቀርበው ማስረጃ የላትም። ያለ ውል መሥራት የሚያስከፍለው ዋጋ በጡረታና በሕክምና ላይ ብቻ እንዳልሆነ እዚህ ላይ ይታያል።

ሁሉም አካባቢ ቅርበትን እኩል አያከብረውም። ማድሪድ በ2013 የትምህርት ቀጠናዎችን አንድ አድርጋ ቤተሰብ በከተማው ውስጥ የትኛውንም ትምህርት ቤት እንዲመርጥ ፈቀደች። ደጋፊዎቹ ነፃ ምርጫ ይሉታል። እኔ እንደማየው ግን ነፃ ምርጫ የሚጠቅመው ለመምረጥ መረጃ ላለው፣ ልጁን በመኪና ለሚያደርሰውና የክፍት ቀን ጉብኝቶችን ለሚከታተለው ወላጅ ነው። ሌሊት ቢሮ አጽድቶ ጠዋት የሚተኛ አባት ምርጫው በእግር የሚደርስበት ትምህርት ቤት ነው፤ ያም ትምህርት ቤት ሌሎቹ የሸሹት ሊሆን ይችላል።

ሁለት ዓይነት የሕዝብ ትምህርት ቤት

በማመልከቻው ላይ የሚዘረዘሩት ትምህርት ቤቶች ሁሉ የመንግሥት አይደሉም። በ1985 የወጣው ሕግ ኮንሰርታዶ የሚባለውን ሥርዓት አቋቋመ፤ እነዚህ በግል የተያዙ፣ ብዙዎቹ በካቶሊክ ማኅበራት የሚመሩ፣ የመምህራኖቻቸው ደመወዝ ግን ከመንግሥት ካዝና የሚከፈል ትምህርት ቤቶች ናቸው። በአገር ደረጃ ከተማሪው ሁለት ሦስተኛ ያህሉ በመንግሥት፣ ሩብ ያህሉ በኮንሰርታዶ፣ ቀሪው በግል ትምህርት ቤት ይማራል፤ በባስክ አገር ኮንሰርታዶው ወደ ግማሽ ይጠጋል። የመግቢያ ነጥቡ ለሁለቱም አንድ ነው። ነገር ግን የውጭ አገር ዜጋ ከሆኑት ተማሪዎች ከአምስት አራት ያህሉ የሚገኙት በመንግሥት ትምህርት ቤት ነው።

ለምን? ሕጉ በአንቀጽ 88 ኮንሰርታዶዎች ለነፃው ትምህርት ገንዘብ እንዳይቀበሉ በግልጽ ይከለክላል። በተግባር ግን በብዙዎቹ ወርኃዊ «የፈቃድ መዋጮ» ይጠየቃል፤ የደንብ ልብሱ፣ ከክፍል በኋላ ያሉት ትምህርቶችና ምሳው ሲደመሩ ወጪው ያድጋል። የፈቃድ መሆኑን የሚያውቅ የስፔን ተወላጅ አልከፍልም ማለት ይችላል፤ አዲስ መጤ ወላጅ ግን ልጄ ይገለልብኛል ብሎ ወይ ይከፍላል፣ ወይ ከመጀመሪያው ትምህርት ቤቱን ከዝርዝሩ ያወጣዋል። መዋጮው በሕግ ግዴታ አለመሆኑን ማወቅና ኮንሰርታዶውንም እንደ አንድ አማራጭ ማስቀመጥ የቤተሰቡ መብት ነው።

ዘግይቶ የመጣ ልጅ

ከላይ የተባለው ሁሉ በማርችና በሜይ መካከል በስፔን ላለ ቤተሰብ የሚሠራ ነው። የስደተኛ ኑሮ ግን የትምህርት ቤት የቀን መቁጠሪያ አይጠብቅም። በቤተሰብ መቀላቀል ቪዛ የመጣች እናት በኖቬምበር ትደርሳለች፤ ጥገኝነት የጠየቀ ቤተሰብ ከአንዱ የመቀበያ ማዕከል ወደ ሌላ ከተማ በፌብሩዋሪ ይዛወራል። እነዚህ ልጆች ወደየትኛውም ትምህርት ቤት ሄደው አይወዳደሩም፤ ጉዳያቸውን የሚያየው የአካባቢው የመግቢያ ዋስትና ኮሚሽን ወይም የማዘጋጃ ቤቱ የምዝገባ ቢሮ ነው፤ እርሱም ክፍት ወንበር ወዳለበት ይመድባቸዋል።

ክፍት ወንበር ያለው የት ነው? ሌሎች ወላጆች በጸደይ ያልመረጡት ትምህርት ቤት ውስጥ ነው። ዓመቱን ሙሉ የሚደርሱ ልጆች ሁሉ ወደ እነዚያ ጥቂት ትምህርት ቤቶች ይፈስሳሉ፤ መምህሩ በሴፕቴምበር ከጀመረው ክፍል ጋር አንድ የማይመስል ክፍል በጁን ያስረክባል፤ የአካባቢው ቤተሰቦችም ይህን አይተው በሚቀጥለው ጸደይ ይበልጥ ይርቃሉ። መለያየቱን ያመጣው የማንም ክፋት ብቻ አይደለም፤ የቀን ቁርጥ ራሱ ያመርተዋል። ዘግይቶ መምጣት በደል ሳይሆን ሳለ የሚቀጣው ግን እርሱ መሆኑ ያሳዝነኛል።

ሕጉ ይህን ለማረም መሣሪያ አለው። አንቀጽ 87 ባለሥልጣናት በእያንዳንዱ የመንግሥትና የኮንሰርታዶ ትምህርት ቤት ልዩ የትምህርት ድጋፍ ለሚያስፈልጋቸው ልጆች ወንበር እንዲያስቀምጡ፣ ከጊዜ ውጭ ለሚመጡትም የክፍሉን ቁጥር እስከ ከመቶ 10 ድረስ ከፍ እንዲያደርጉ ይፈቅዳል። በቅድመ መደበኛው ክፍል ከፍተኛው ቁጥር 25 ስለሆነ ይህ ሁለት ወይም ሦስት ተጨማሪ ልጅ ማለት ነው። ካታሎኒያ በ2019 የትምህርት ቤት መለያየትን ለመዋጋት ስምምነት ፈርማ በ2021 የመግቢያ ድንጋጌዋን በዚሁ መንፈስ ለውጣለች፤ በከተማው ውስጥ ያሉ ተጋላጭ ልጆች በሁሉም ትምህርት ቤቶች እንዲዳረሱ ማድረግ ዓላማው ነው። በ2022 የዩክሬን ልጆች በዓመቱ መሐል በብዛት ሲደርሱ ራስ ገዞቹ በሳምንታት ውስጥ ቦታ አዘጋጅተዋል። ስለዚህ አቅሙ አለ፤ የሚለያየው ፈቃዱ ነው።

ለቤተሰቡ የሚጠቅመው ተግባራዊ ነጥብ ይህ ነው፤ በዓመቱ መሐል የተመደበ ልጅ እዚያው እስከ መጨረሻው እንዲቀር አይገደድም። በሚቀጥለው ጸደይ ለሌላ ትምህርት ቤት እንደ ማንኛውም አመልካች ነጥቡን ይዞ ሊወዳደር ይችላል። ዕድሜው ስድስት ያለፈ ልጅም የኢትዮጵያ የትምህርት ማስረጃው አቻ ግምት እስኪያገኝ መጠበቅ የለበትም፤ በግዴታ ትምህርት ውስጥ ምደባው በዕድሜ ነው። ከእኩዮቹ ከሁለት ዓመት በላይ የትምህርት ክፍተት ካለው አንድ ክፍል ዝቅ ብሎ ሊገባ ይችላል፤ ይህ ደግሞ ወላጅን ማሳፈር የለበትም።

ቋንቋ፣ ሰዓት፣ ሃይማኖት

ራስ ገዝን መምረጥ የማስተማሪያ ቋንቋንም መምረጥ ነው። በካታሎኒያ የ1983ቱን የቋንቋ ሕግ ተከትሎ በተስፋፋው ሥርዓት የቅድመ መደበኛው ክፍል ቋንቋ ካታላንኛ ነው፤ ስፔንኛ ቢያንስ ከመቶ 25 ይሁን የሚለው የፍርድ ቤት ክርክር በ2021 ከፍተኛው ፍርድ ቤት ቢደርስም ፖለቲካው አልበረደም። በባስክ አገር ወላጅ በማመልከቻው ላይ ሞዴል ይመርጣል፤ ኤ በስፔንኛ፣ ቢ በሁለቱም፣ ዲ በባስክኛ የሚሰጥ ነው፤ አብዛኛው ሰው ዲን ይመርጣል። በሦስት ዓመቱ ለሚገባ ልጅ ይህ ሸክም አይደለም። ካታላንኛውን ከክፍል፣ ስፔንኛውን ከመጫወቻ ሜዳ ያመጣዋል፤ ቤት ውስጥ የሚቀረው ወንበር የአማርኛ ነው። ወላጆች በተሰባበረ ስፔንኛ ልጃቸውን ለማናገር ሲታገሉ ማየት ይከብደኛል፤ ትምህርት ቤቱ ሊሰጠው የማይችለው አንድ ቋንቋ ያ የእነርሱ ነው።

መምህራኑም «ኢትዮጵያዊ ልጅ» ሲባል አንድ የተለየ ምስል ሊኖራቸው ይችላል። ኢትዮጵያ በ2018 የውጭ አገር ጉዲፈቻን በሕግ እስክታስቆም ድረስ ስፔን በርካታ ልጆቻችንን ከወሰዱት አገሮች አንዷ ነበረች፤ እነዚያ ልጆች ስፔንኛ ተናጋሪ ወላጆችና የስፔን የቤተሰብ ስም ይዘው ነበር ክፍል የገቡት። በቤቱ አማርኛ የሚናገር፣ በዓቢይ ጾም ሥጋና ወተት የማይበላ ቤተሰብ ልጅ ከዚያ የተለየ መሆኑን በመጀመሪያው ስብሰባ ላይ መናገር ይጠቅማል።

የመጀመሪያው ሴፕቴምበር ሥራ ለሚሠሩ ወላጆች ፈታኝ ነው። ለሦስት ዓመት ልጆች «የመላመጃ ጊዜ» የሚባል አለ፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት በትናንሽ ቡድን ለአንድ ወይም ለሁለት ሰዓት ብቻ ይቆያሉ። ከዚያ በኋላም ብዙ ትምህርት ቤቶች በስፔን ሰዓት ከ9 እስከ 14 (በእኛ ከጠዋቱ 3 እስከ ቀኑ 8 ሰዓት) የሚሠሩ ስለሆነ፣ ሙሉ ቀን የሚሠራ ወላጅ የምሳውን አገልግሎት ማስመዝገብ ያስፈልገዋል። ምሳው በክፍያ ነው፤ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው የድጎማ ማመልከቻ አለ፤ ያም የራሱ ቀን አለውና ከትምህርት ቤቱ ምዝገባ ጋር አብሮ ያልቃል ብሎ ማሰብ አያዋጣም። ከሽንት ጨርቅ ያልተላቀቀ ልጅን በተመለከተ ደግሞ ትምህርት ቤቱ ወላጅ መጥቶ እንዲቀይር ሊጠራ ይችላል፤ በሕግ ግን የመግቢያ መስፈርት አይደለም።

በምዝገባው ቅጽ ላይ ሃይማኖት ወይም አማራጭ የትምህርት ክትትል የሚል ሳጥን አለ። «ሃይማኖት» የሚለውን ምልክት ያደረገ ኦርቶዶክሳዊ ወላጅ ልጁ የሚማረው የካቶሊክ ትምህርት መሆኑን ማወቅ አለበት። መንግሥት በ1992 ስምምነት የፈረመው ከወንጌላውያን፣ ከአይሁድና ከሙስሊም ማኅበራት ጋር ነው፤ ሙስሊም ቤተሰብ የእስልምና ትምህርት መጠየቅ ይችላል፣ መምህር በተገኘበት ቦታ።

ከሦስት ዓመት በታች ያለው ዑደት ከዚህ ሁሉ ተለይቶ ይታያል። በማድሪድ የመንግሥት መዋዕለ ሕፃናት ከ2019 የትምህርት ዓመት ጀምሮ፣ በጋሊሲያ ደግሞ ከ2022 ጀምሮ የትምህርቱ ክፍያ ቀርቷል፤ ቦታው ግን ከፈላጊው ያንሳል። እዚያ ቦታ ማግኘት በሦስት ዓመት ለሚገባበት ትምህርት ቤት ዋስትና አይሆንም፤ ማመልከቻው እንደ አዲስ ይገባል።

ባዶ የሚቀሩ ወንበሮች

አሁን ሁሉንም ስሌት የሚለውጠው ነገር የወሊድ መቀነስ ነው። በ2008 በስፔን ከ519 ሺህ በላይ ልጆች ተወለዱ፤ በ2023 የተወለዱት 320 ሺህ ገደማ ናቸው። በ2023 የተወለዱት ልጆች የሦስት ዓመት ክፍል የሚጀምሩት በ2026 ሴፕቴምበር ነው። ከዓመታት በፊት ሦስት ክፍል ይሞላ የነበረ ትምህርት ቤት አሁን ሁለቱን ለመሙላት ሊቸገር ይችላል። ካታሎኒያና ማድሪድ ከ2022 ጀምሮ በሦስት ዓመት ክፍል የልጆችን ቁጥር ወደ 20 ዝቅ አድርገዋል። በዚህም የወንበሩ ትርፍ በከፊል ወደ ጥራት ተለውጧል።

በሌላ ቦታ ግን የሚወሰደው እርምጃ ክፍል መዝጋት ነው። በየጸደዩ አመልካች ያነሰባቸው ክፍሎች ሲዘጉ ወላጆች በመንግሥት ትምህርት ቤት በር ላይ ሰልፍ ይወጣሉ። የሚከራከሩበት ነጥብ ከዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ጋር በቀጥታ የተያያዘ ነው፤ በማርች ባዶ የሆነ ክፍል በኖቬምበርና በፌብሩዋሪ የሚደርሱ ልጆች የሚገቡበት ክፍል ነው። በማርች ቁጥር ብቻ ተመዝኖ ከተዘጋ፣ ዘግይተው የሚመጡት ወደተረፉት ጥቂት ትምህርት ቤቶች ይበልጥ ይታጨቃሉ። ክፍት ሆኖ ከቆየና በየትምህርት ቤቱ ሁለት ሁለት ወንበር ለዘግይቶ መጪ ከተጠበቀ ግን፣ ሕጉ በአንቀጽ 87 የጻፈው በየሰፈሩ ሊፈጸም ይችላል። ውሳኔው በራስ ገዞቹ የትምህርት ቢሮዎች እጅ ነው፤ የሚወሰነውም አዲስ መጤዎቹ ገና ባልደረሱበት፣ ስለ እነርሱ የሚናገር ሰውም በማይገኝበት ወር ነው።